ኦፒኤንሴንስ በተነጠለ የቨርቹዋል ማሽን ላብ ውስጥ፦ የኢንተርኔት በርነቱና የስም አፈታቱ ሲመዘን

በደብረ ብርሃን የኮምፒውተር ኔትወርክ ለሚሠለጥኑ ወጣቶች የሙከራ ላብ ሳዘጋጅ፣ ከሁሉም ማሽን ቀድሜ የማስነሣው ኦፒኤንሴንስ የተጫነበትን ነው። ይህ ነፃ የፋየርዎልና የራውተር ሶፍትዌር የተሠራው ለድርጅቶች የኔትወርክ መግቢያ ቢሆንም፣ እዚህ የምመዝነው በአንድ ጠባብ ሥራው ብቻ ነው፤ ይኸውም ከውጭው ኔትወርክ በተነጠለ የቨርቹዋል ማሽን (በአንድ ኮምፒውተር ውስጥ በሶፍትዌር የሚፈጠር ኮምፒውተር) ላብ ውስጥ ኢንተርኔትን በልክ በማስገባትና ስምን ወደ አድራሻ የመፍታትን ሥርዓት ሳያፋልስ በማስኬድ ረገድ ምን ያህል እንደሚረዳ ነው። የላብ ችግሮች ናቸው ተብለው ወደ እኔ ከሚመጡት መካከል የአብዛኞቹ መነሻ እዚህ ላይ ስለሆነ፣ ጉዳዩን በጥሞና መመልከት ተገቢ ነው ብዬ አምናለሁ።

በመጀመሪያ ላቡ ለምን እንደሚነጠል ግልጽ መሆን አለበት። ሠልጣኙ በቨርቹዋል ማሽኑ ላይ የዲኤችሲፒ ሰርቨር፣ ማለትም ለኮምፒውተሮች የኔትወርክ አድራሻ የሚያድል አገልግሎት፣ ሲጭንና ማሽኑ በብሪጅ መንገድ (እንደ እውነተኛ ኮምፒውተር በቀጥታ) ከክፍሉ ኔትወርክ ጋር የተያያዘ ሲሆን፣ ያ ሰርቨር ለመለማመጃ የታሰበውን አድራሻ ለቢሮው ኮምፒውተሮችና ለመምህራኑ ስልኮች ጭምር ማደል ይጀምራል፤ ከዚያ በኋላ የሕንፃው ኢንተርኔት ለምን እንደተቋረጠ የሚያውቅ ሰው ይጠፋል። ስለዚህ ቨርቹዋል ማሽኖቹን በሚያስኬደው በቨርቹዋልቦክስ ፕሮግራም ላይ ትክክለኛው ምርጫ የውስጥ ኔትወርክ የሚባለው ዘዴ ነው፤ በዚህ ዘዴ ማሽኖቹ እርስ በርስ ብቻ ይገናኛሉ፣ አስተናጋጁ ኮምፒውተር እንኳን ከነርሱ ጋር ቀጥተኛ ግንኙነት የለውም።

ይሁን እንጂ ፈጽሞ የተዘጋ ላብ ብዙ አያስኬድም። ለ180 ቀናት የሚያገለግለው የዊንዶውስ ሰርቨር የሙከራ ቅጂ በመጀመሪያዎቹ 10 ቀናት ውስጥ በኢንተርኔት ካልነቃ በራሱ መዘጋት ይጀምራል። ኡቡንቱ ላይ አንድ ተጨማሪ ፕሮግራም ለመጫን ከማከማቻው ጋር መገናኘት ያስፈልጋል። ሰዓቱን ከውጭ የሚያስተካክል ነገርም መኖር አለበት። በመሆኑም ሠልጣኙ በተነጠለው ላብ ላይ ኢንተርኔት የሚያስገባበትን አቋራጭ መፈለጉ አይቀርም፣ አቋራጩም ብዙውን ጊዜ ስም አፈታቱን ያበላሻል።

በጣም የተለመደው አቋራጭ በእያንዳንዱ ማሽን ላይ ሁለተኛ የኔትወርክ ካርድ ጨምሮ ናት በሚባለው፣ ማሽኑን በአስተናጋጁ ኮምፒውተር አድራሻ ወደ ውጭ በሚያወጣው ዘዴ ማያያዝ ነው። ኢንተርኔቱ ወዲያውኑ ይመጣል፤ ችግሩም የዚያኑ ያህል በፍጥነት ይመጣል። ቨርቹዋልቦክስ በናት ዘዴ ለእያንዳንዱ ማሽን የሚሰጠው አድራሻ በተለምዶ 10.0.2.15 ነው፤ ጌትዌዩ (ወደ ውጭ የሚያወጣው በር) 10.0.2.2፣ ስም ፈቺው ደግሞ 10.0.2.3 ይሆናል። እያንዳንዱ ማሽን ለብቻው የታጠረ ስለሆነ አድራሻው መደጋገሙ ለቨርቹዋልቦክስ አያስቸግረውም። የአክቲቭ ዳይሬክተሪ ዶሜን (ተጠቃሚዎችና ኮምፒውተሮች በአንድ ማዕከል የሚተዳደሩበት የዊንዶውስ ሥርዓት) ውስጥ ሲገባ ግን ዊንዶውስ ያሉትን አድራሻዎች በሙሉ በዲኤንኤሱ፣ ማለትም በስም ፈቺው፣ ላይ በራሱ ያስመዘግባል፤ ስለዚህ ዶሜኑን የሚመራው ሰርቨር፣ ዶሜን ኮንትሮለሩም፣ የፋይል ሰርቨሩም፣ የተጠቃሚው ማሽንም 10.0.2.15 ተብለው ይመዘገባሉ። ከዚያ በኋላ አንዱ ሌላውን በስም ሲጠራ አንዳንድ ጊዜ ትክክለኛውን አድራሻ ያገኛል፣ አንዳንድ ጊዜ ደግሞ ራሱን ይጠራል። «ቲቸር፣ ኢንተርኔቱ ይሠራል፤ ዶሜኑ ግን አንዴ ይገኛል አንዴ ይጠፋል» የሚለው አቤቱታ ሲቀርብልኝ በመጀመሪያ የማየው ሁለተኛ ካርድ ተሰክቶ እንደሆነ ነው።

ሌላው አቋራጭ የዶሜን ኮንትሮለሩን ራሱን ባለ ሁለት ካርድ አድርጎ የላቡ ራውተር ማድረግ ነው። ይህም በሌላ መልክ ያንኑ ችግር ያመጣል፤ ኮንትሮለሩ የውጭ ካርዱንም አድራሻ ለደንበኞቹ ስለሚያስተዋውቅ፣ ደንበኛው ሊደርስበት ወደማይችል አድራሻ ይላካል። የምዝገባውን ምልክት ከካርዱ ላይ በማንሣትና ዲኤንኤሱ በአንዱ አድራሻ ላይ ብቻ እንዲያደምጥ በማድረግ ማስተካከል ይቻላል። ነገር ግን የኩባንያ ዶሜን ኮንትሮለር ፊቱን ወደ ኢንተርኔት አዙሮ የማይቀመጥ መሆኑን የሚያስተምር ሰው፣ በላቡ ውስጥ የተቃራኒውን ልማድ ማስለመድ አይገባውም።

ቨርቹዋልቦክስ ከ4.3 ጀምሮ ያቀረበው የናት ኔትወርክ የተሻለ መካከለኛ መንገድ ነው። ማሽኖቹ እርስ በርስ ይተያያሉ፣ በጋራ አንድ መውጫ ያገኛሉ፣ ተጨማሪ ማሽንም አያስፈልግም። ሦስት ወይም አራት የሊኑክስ ማሽኖችን ብቻ ለሚያስተሳስር ሰው ከዚህ የበለጠ መድከም አያሻውም። ጉድለቱ የራሱ ዲኤችሲፒ በርቶ ስለሚመጣ ከሠልጣኙ ዲኤችሲፒ ጋር መጋጨቱ፣ ይህንንም ካጠፉት በኋላ ማን ወደ የት እንዲወጣ የሚወስን ደንብ የሚጻፍበት ቦታ አለመኖሩ ነው። መውጫው አለ ወይም የለም እንጂ ጠባቂ የለውም።

ኦፒኤንሴንስ የሚመጣው ይህን ክፍተት ለመሙላት ነው። ፍሪቢኤስዲ በተባለው ስርዓተ ክወና ላይ የተመሠረተ ሲሆን፣ እ.ኤ.አ. በጥር 2015 ፒኤፍሴንስ ከተባለው ተመሳሳይ ሶፍትዌር ተገንጥሎ በኔዘርላንድሱ ዴሲሶ ኩባንያ መሪነት ወጣ። ሁለቱም የዘር ግንዳቸው ሞኖዎል የተባለው የቆየ ፕሮጀክት ነው፤ ሞኖዎል በ2015 ሲቋረጥ መሥራቹ ተጠቃሚዎቹን ወደ ኦፒኤንሴንስ መርቷቸዋል። በየዓመቱ በጥርና በሐምሌ፣ በፈረንጆቹ አቆጣጠር ማለት ነው፣ ዋና ዋና ስሪቶች ይወጣሉ። በእኛ አካባቢ ከፒኤፍሴንስ ይልቅ እርሱን እንድመርጥ ያደረገኝ ግን ታሪኩ አይደለም፤ ሙሉው የመጫኛ ፋይል አንድ ጊዜ ወርዶ በፍላሽ ሊዞር የሚችል መሆኑ ነው። የፒኤፍሴንስ አዲሱ መጫኛ አካውንት ከፍቶ ማውረድን፣ በሚጫንበትም ጊዜ የኢንተርኔት ግንኙነትን ይጠይቃል። ይህ ፈጣን መስመር ላለው ሰው ቀላል ነገር ነው፤ በስልክ ሆትስፖትና በጊጋባይት በተለካ ፓኬጅ አንድ ክፍል ሠልጣኝ ለሚያስተምር ሰው ግን ምርጫውን የሚወስን ጉዳይ ነው።

ፋይሉን የያዘ ፍላሽ ከእጅ ወደ እጅ ይዞራል። ከዚያም በላይ፣ አንዴ ጭኜ ያስተካከልሁትን ማሽን ከቨርቹዋልቦክስ ሙሉ ማሽኑን በአንድነት በሚይዝ በኦቪኤ ፋይል አውጥቼ ለሠልጣኞቹ እሰጣለሁ። ለዕረፍት ወደ መንዝ ወይም ወደ መርሐቤቴ የሚሄድ ተማሪ ያለ ምንም ኢንተርኔት ላፕቶፑ ላይ አስገብቶ ላቡን እንዳለ ያስነሣዋል። ኢንተርኔት ባይኖርም የውስጡ ስም አፈታት ይሠራልና ልምምዱ አይቋረጥም።

አጫጫኑ ከባድ አይደለም። ለማሽኑ ሁለት የኔትወርክ ካርድ ይሰጠዋል፤ አንዱ በናት ዘዴ ወደ ውጭ፣ ሌላው በውስጥ ኔትወርክ ወደ ላቡ። ጥንቃቄ የሚያሻው የትኛው ካርድ ዋን (የውጭው ወገን)፣ የትኛው ላን (የላቡ ወገን) እንደሆነ በማክ አድራሻው (በካርዱ መለያ ቁጥር) ማረጋገጥ ላይ ነው፤ የሁለቱ መቀያየር ላቡን በሙሉ ያደነዝዘዋል፣ መንሥኤውም ወዲያው አይታወቅም። የላኑ መነሻ አድራሻ 192.168.1.1 ሆኖ ይመጣል። ይህን ወደ ሌላ መቀየር ይገባል፤ ብዙ የቤትና የቢሮ ራውተሮች በዚያው ክልል ስለሚሠሩ፣ አንድ ቀን ዋኑን ወደ ብሪጅ የቀየረ ሰው በሁለቱም ወገን አንድ ዓይነት ኔትወርክ ያገኝና ራውተሩ ወዴት እንደሚልክ ይጠፋዋል። እኔ 10.10.10.0 ባለ 24 ቢት ጭንብል እጠቀማለሁ፤ ጌትዌዩ 10.10.10.1፣ ዶሜን ኮንትሮለሩ 10.10.10.10 ይሆናል። ዲኤችሲፒውን ሠልጣኙ በዊንዶውስ ሰርቨር ላይ የሚያስኬድ ከሆነ የኦፒኤንሴንሱ ዲኤችሲፒ ይጠፋል፤ በአንድ ላብ ውስጥ ሁለት አዳይ አያስፈልግም።

ወደ ስም አፈታቱ ስንመጣ፣ የዚህ ሁሉ ድካም ዋና ፍሬ ሰንሰለቱ ቀጥ ብሎ መታየቱ ነው። ደንበኛው ማሽን የሚጠይቀው ዶሜን ኮንትሮለሩን ብቻ ነው። ዶሜን ኮንትሮለሩ የራሱን ዶሜን ስሞች ከራሱ መዝገብ ይመልሳል፤ የማያውቀውን ስም በፎርዋርደሩ በኩል ለ10.10.10.1 ያሳልፋል። በ10.10.10.1 ላይ የተቀመጠው አንባውንድ የተባለ ስም ፈቺ ደግሞ ወይ ራሱ ከስር (ሩት) ሰርቨሮች ጀምሮ እየጠየቀ ይፈታል፣ ወይ ከእርሱ በላይ ላለው ያስተላልፋል። እያንዳንዱ ደረጃ አንድ ብቻ የሚጠይቀው ስላለ፣ ችግር ሲፈጠር በኤንኤስሉክአፕ ትእዛዝ ከታች ወደ ላይ ደረጃ በደረጃ እየጠየቁ የተሰበረውን ቀለበት ማግኘት ይቻላል። ሠልጣኝ ይህን ሰንሰለት አንድ ጊዜ በእጁ ከገነባው፣ በእውነተኛ ድርጅት ውስጥ ሲገባ የሚያገኘው ያንኑ ነው።

ይህን ሰንሰለት ከሚሰብሩት ልማዶች ሁሉ የሚያሳስበኝ፣ በደንበኛው ማሽን ላይ ዶሜን ኮንትሮለሩን አንደኛ፣ የጉግልን የሕዝብ ስም ፈቺ 8.8.8.8 ን ሁለተኛ ዲኤንኤስ አድርጎ መሙላት ነው። አሳቡ የሚመነጨው ሁለተኛው የጎደለውን ይሞላል ከሚል ግምት ነው፤ አሠራሩ ግን እንዲህ አይደለም። ደንበኛው ወደ ሁለተኛው የሚዞረው አንደኛው ጭራሽ መልስ ሳይሰጥ ሲቀር ነው፤ «እንዲህ ያለ ስም የለም» የሚለው መልስ ራሱ ሙሉ መልስ ስለሆነ ወደ ሁለተኛው አያስዞርም። በሌላ በኩል ዶሜን ኮንትሮለሩ እየተነሣ እያለ ለጥቂት ሴኮንዶች ዝም ካለ፣ ደንበኛው ወደ 8.8.8.8 ይዞርና ዶሜን ኮንትሮለሩን የሚያመላክተውን የኤስአርቪ መዝገብ ከዚያ ይጠይቃል። የውጭው ሰርቨር ስለዚያ ዶሜን አንዳች አያውቅም። መብራት ጠፍቶ ሲመጣ ማሽኖቹ ሁሉ በአንድ ጊዜ በሚነሡበት ክፍል ውስጥ ይህ በተደጋጋሚ የሚታይ ነው፤ መግባት አይቻልም፣ ፖሊሲ አይወርድም፣ ጥፋቱም በሰርቨሩ ላይ ይላከካል።

ኦፒኤንሴንስ ይህን ልማድ በምክር ብቻ ሳይሆን በፋየርዎል ደንብ እንድገታ ያስችለኛል። በላኑ ወገን የስም ጥያቄ በሚያልፍበት በፖርት 53 ወደ ጌትዌዩ መጠየቅ የሚፈቀድለት 10.10.10.10 ብቻ ነው፤ ከሌላ ማንኛውም ማሽን በዚያ ፖርት የሚወጣ ጥያቄ ይታገዳል፣ እገዳውም በመዝገቡ ላይ በቀጥታ ይታያል። ሠልጣኙ 8.8.8.8 ን ሲሞላ ቀይ መስመር በስክሪኑ ላይ ሲወጣ ያያል። ከረጅም ማብራሪያ ይልቅ ይህች ቀይ መስመር ታስተምራለች።

የዶሜኑ ስም አመራረጥም ከዚህ ጋር የተያያዘ ነው። ብዙ የሥልጠና ሰነዶች አሁንም በነጥብ ሎካል የሚጨርስ ስም ያስይዛሉ፤ ይህ ቅጥያ ግን እ.ኤ.አ. በ2013 በወጣው አርኤፍሲ 6762 በተባለ የኢንተርኔት ደረጃ ሰነድ ለመልቲካስት ዲኤንኤስ (ያለ ሰርቨር በአካባቢው ኔትወርክ ላይ ስም መጠያየቂያ) የተመደበ ነው። በዚህ የተነሣ የሊኑክስና የማክ ማሽኖች ስሙን ከዶሜን ኮንትሮለሩ ከመጠየቅ ይልቅ በአካባቢው ኔትወርክ ላይ ይጣሩታል፤ ዊንዶውሱ ሲያገኘው ኡቡንቱው «አላገኘሁትም» ይላል። ለሙከራ ተብለው የተጠበቁት በነጥብ ቴስት የሚጨርሱ ስሞች ከ1999 ጀምሮ አሉ፤ ለውስጥ አገልግሎት ደግሞ የኢንተርኔት ስሞችን የሚያስተዳድረው አይካን በ2024 ነጥብ ኢንተርናልን ለይቷል። በእውነተኛ ድርጅት ውስጥ ከሁሉ የሚሻለው ድርጅቱ ያስመዘገበው ዶሜን ንዑስ ቅርንጫፍ ነው። ለላብ ግን ነጥብ ኢንተርናል ይበቃል፤ ለአዲስ ሠልጣኝም ከመጀመሪያው ይህን ማስለመድ ይሻላል።

አንባውንድን በተመለከተ ሁለት ነገሮችን በጥንቃቄ ማስተካከል ያስፈልጋል። አንደኛው የአፈታት ስልቱ ነው። ሲጫን ከስር ሰርቨሮች ጀምሮ ራሱ እየጠየቀ እንዲፈታ ሆኖ ይመጣል፤ ይህ ንጹሕና ለመማርም ጥሩ ነው፣ ነገር ግን እያንዳንዱ አዲስ ስም ብዙ ምልልስ ስለሚጠይቅ መዘግየቱ ከፍ ባለ የሞባይል ግንኙነት ላይ የመጀመሪያው ገጽ ሲከፈት ያስጠብቃል። ጥያቄውን በላይ ላለው ስም ፈቺ እንዲያስተላልፍ ሲደረግ ምልልሱ ወደ አንድ ይወርዳል። ከዚያ በኋላ መልሱ በማኅደረ ትውስታው ስለሚቀመጥ፣ አንዱ ሠልጣኝ የጠየቀውን ሌላው ያለ ውጭ ምልልስ ያገኘዋል። ለመማሪያ የመጀመሪያውን አሳይቼ ለዕለት ሥራ ሁለተኛውን እተዋለሁ።

ሁለተኛው ሰዓት ነው፤ ይህ መብራት በሚቆራረጥበት አካባቢ ከሌላው ሁሉ የበለጠ ትኩረት ይሻል። መብራት ሲሄድ ባትሪው ሳያልቅ ማሽኖቹን ባሉበት አስቀምጦ መዝጋት የተለመደ ነው። በማግስቱ ሲነሡ ሰዓታቸው የቆመበት ላይ ሊገኝ ይችላል። ዲኤንኤስሴክ የሚባለው የፊርማ ማረጋገጫ በርቶ ከሆነ፣ የፊርማዎቹ የአገልግሎት ጊዜ ከተሳሳተው ሰዓት ጋር ስለማይገጥም አንባውንድ መልሶቹን ሐሰተኛ ናቸው ብሎ ይጥላቸዋል። ሰዓቱን ለማስተካከል የጊዜ ሰርቨሩን ስም መፍታት ያስፈልጋል፣ ስሙን ለመፍታት ደግሞ ሰዓቱ መስተካከል አለበት፤ አንዱ ሌላውን ይጠብቃል። በዶሜኑ ወገንም የመግቢያ ማረጋገጫው ከርቤሮስ በተለምዶ የሚታገሠው የሰዓት ልዩነት 5 ደቂቃ ብቻ ነው። መፍትሔው ለኦፒኤንሴንስ የሚሆነውን የቨርቹዋልቦክስ ተጨማሪ ጭኖ ሰዓቱን ከአስተናጋጁ ኮምፒውተር እንዲወስድ ማድረግ፣ ወይም ቢያንስ አንዱን የጊዜ ሰርቨር በስሙ ሳይሆን በአድራሻው ማስገባት ነው። ከዚያ ዶሜን ኮንትሮለሩ ሰዓቱን ከጌትዌዩ፣ ደንበኞቹ ከዶሜን ኮንትሮለሩ ይወስዳሉ፤ የሰዓቱ ሰንሰለት የስሙን ሰንሰለት ተከትሎ ይሄዳል።

ስለ መነጠል ሲነገር ብዙ ጊዜ የሚዘነጋ አንድ ነገር አለ። የናት ዘዴ ከውጭ ወደ ውስጥ የሚመጣውን ይከለክላል እንጂ ከውስጥ ወደ ውጭ የሚሄደውን አይከለክልም። በላቡ ውስጥ ያለ ማሽን በናቱ በኩል አልፎ አስተናጋጁን ኮምፒውተር፣ በክፍሉ ያለውን ፕሪንተር፣ የቢሮውን ፋይል ማከማቻ ሁሉ ሊደርስበት ይችላል። የመቃኛ መሣሪያዎችን የሚለማመድ ሠልጣኝ የተሳሳተ የአድራሻ ክልል ቢጽፍ የሚቃኘው የመሥሪያ ቤቱን ኔትወርክ ነው። ኦፒኤንሴንስም ሲጫን ከላን ወደ ማንኛውም ቦታ የሚፈቅድ ደንብ ይዞ ስለሚመጣ፣ ይህ ደንብ እንዳለ ከተተወ ላቡ ተነጥሏል ማለት አይቻልም። እኔ የማስቀምጠው ቅደም ተከተል ይህ ነው፤ መጀመሪያ ለዶሜን ኮንትሮለሩ ወደ ጌትዌዩ በፖርት 53 እና በጊዜ ፖርቱ 123 ይፈቀዳል፤ ቀጥሎ ከሌላ ማንኛውም ማሽን በፖርት 53 የሚወጣውና በአርኤፍሲ 1918 ለግል ኔትወርክ ወደተመደቡት ወደ 10፣ ወደ 172.16 እና ወደ 192.168 ክልሎች የሚሄደው ሁሉ ይታገዳል፤ ከዚያ በኋላ ቀሪው ወደ ኢንተርኔት ይለቀቃል። ደንቦቹ ከላይ ወደ ታች ስለሚነበቡና የመጀመሪያው የገጠመው ስለሚወስን፣ እገዳው ከፈቃዱ በላይ ቢቀመጥ ስም አፈታቱ ይቆማል። ጌትዌዩ ራሱ ወደ 10.0.2.3 የሚያደርገው ጥያቄ ከላን የመጣ ስላልሆነ በዚህ እገዳ አይነካም።

የመጨረሻውን የፈቃድ ደንብ አብዛኛውን ጊዜ አጥፍቼ እተወዋለሁ፤ ሲያስፈልግ በአንድ ጠቅታ ይበራል። የዊንዶውስ ማሽን በነፃ ከተለቀቀ ማንም ሳያዘው ዝማኔ ማውረድ ይጀምራል፣ ብዙ መቶ ሜጋባይት የሚመዝን ወርኃዊ ዝማኔም በየማሽኑ ተለያይቶ ሲወርድ የክፍሉ ፓኬጅ ከሰዓት በፊት ያልቃል። ደንቡ ሲዘጋ በዊንዶውሱ ላይ «ኢንተርኔት የለም» የሚል ምልክት ይወጣል፤ ዊንዶውስ ይህን የሚያውቀው አንድ የታወቀ የማይክሮሶፍት ገጽ ለመክፈት በመሞከር ስለሆነ፣ ምልክቱ የላቡ ኔትወርክ ተበላሸ ማለት አለመሆኑን ለሠልጣኙ አስቀድሞ መንገር ያስፈልጋል። ዶሜኑ፣ የፋይል መጋራቱና የውስጥ ስሞቹ ሁሉ እንደነበሩ ይሠራሉ። ማሽኖቹን ሳይነኩ፣ ካርድ ሳይቀይሩ፣ ዲኤንኤስ ሳይነካኩ ኢንተርኔትን መክፈትና መዝጋት መቻል በእኔ ግምት የዚህ ሶፍትዌር ትልቁ ጥቅም ነው። የፍጥነት መጠኑን በማሽን የሚከፋፍለው ክፍሉም በደንብ ይሠራል።

ጎጂ ፕሮግራሞችን ለመመርመር ለሚዘጋጅ ላብ ግን ደንቡን ማጥፋት ብቻ አይበቃም፤ ናት የተሰካበት ካርድ ጭራሽ መነቀል አለበት። እንዲህ ባለው ላብ ውስጥ ስሞች መልስ እንዲያገኙ ከተፈለገ፣ በአንባውንድ ላይ ማንኛውንም ስም ወደ አንድ የውስጥ አድራሻ የሚመራ መዝገብ ማስገባትና በዚያ አድራሻ ላይ ኢንተርኔትን የሚያስመስል እንደ አይኔትሲም ያለ ፕሮግራም ማስነሣት ይቻላል። ኦፒኤንሴንስ ይህን ይችላል፤ ለዚህ ብቻ ከሆነ ግን ከሚያስፈልገው በላይ ነው።

ጉድለቶቹን መደበቅ አልፈልግም። ዋናው የማኅደረ ትውስታ ፍላጎቱ ነው፤ ዝቅተኛው መስፈርት 2 ጊጋባይት ራም ሲሆን፣ 8 ጊጋባይት ብቻ ባለው ላፕቶፕ ላይ ከዊንዶውስ ሰርቨርና ከአንድ ደንበኛ ማሽን ጋር ሲነሣ ሁሉም ያዘግማል። 16 ጊጋባይት ባለው ላይ ግን መኖሩም አይታወቅም። የአስተዳደር ገጹ በአማርኛ አልቀረበም፣ ምናሌዎቹም ብዙ ስለሆኑ አዲስ ሠልጣኝ የሚፈልገውን ለማግኘት ይቸገራል፤ በተለይ የአንባውንድ ማስተካከያዎች በብዙ ገጾች ተበትነዋል። በሁለቱ ዓመታዊ ስሪቶች መካከልም ተደጋጋሚ ዝማኔዎች ስለሚወጡ፣ በክፍል ውስጥ ያሉትን ሁሉ ለማዘመን መሞከር ፓኬጅ ያሟጥጣል፤ አንዱን አዘምኖ በኦቪኤ ማከፋፈል ይሻላል። የውጭው መስመር አይፒ 6 የሚሰጥ ከሆነ ደግሞ ጌትዌዩ በላኑ ላይ ራሱን የአይፒ 6 ስም ፈቺ አድርጎ ሊያስተዋውቅና ደንበኞቹ ዶሜን ኮንትሮለሩን አልፈው እርሱን ሊጠይቁ ይችላሉ። በላቡ ውስጥ አይፒ 6 የማይማሩ ከሆነ በላኑ ላይ ማጥፋት ይገባል።

ራሙ ለማይበቃው ሠልጣኝ የምመክረው አልፓይን በተባለው ቀላል ሊኑክስ ላይ ዲኤንኤስማስክ የተባለውን ፕሮግራም መጫን ነው። በጥቂት መቶ ሜጋባይት ራም የሚሠራ ማሽን ዲኤችሲፒውንም፣ ስም ማስተላለፉንም በአንድ የማስተካከያ ፋይል ይወጣዋል፤ የዶሜኑን ስም ወደ ዶሜን ኮንትሮለሩ፣ ቀሪውን ወደ ውጭ የሚልክ አንድ መስመር ይበቃዋል። ጌትዌይነቱንና የፋየርዎል ደንቡን በእጅ ማዘጋጀት ግድ ይሆናል፣ የታገደውን በቀይ የሚያሳይ ገጽም የለም። ሊኑክስን ለሚያውቅ ሰው ይህ ጥሩ ምርጫ ነው፤ ገና ለሚጀምር ግን ሰንሰለቱን በዓይኑ እያየ እንዲማር ኦፒኤንሴንስን አስቀድማለሁ።

በሰሜን ሸዋ ባሉ ማሠልጠኛዎች ላብ ለምታደራጁ ባልደረቦቼ፣ አንድ 16 ጊጋባይት ራም ያለው ኮምፒውተር ካላችሁ ኦፒኤንሴንስን ያለ ማመንታት እንድትሞክሩት እጠይቃለሁ። ስትሞክሩት ከሁሉ በፊት የላኑን አድራሻ ቀይሩ፣ «ለሁሉም ይፈቀድ» የሚለውን ደንብ አንሡ፣ ሰዓቱን ከአስተናጋጁ ጋር አስተሳስሩ፤ ዶሜን ኮንትሮለሩን የምትጭኑት እነዚህ ሦስቱ ካለቁ በኋላ ይሁን።